የጠራዡ ሠላሳ ስምንት ነጥብ

ያን ጊዜ ሥራዬ ሰው መለካት ነበር፤ በሜትር ሳይሆን በጥያቄ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ፣ የአእምሮ ሕሙማንን ከሆስፒታል አውጥቶ በየሰፈሩ ከሌላው ሰው ጋር እንዲኖሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ቀጠረኝ። ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት ክፍሎች ነበሩት፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ፣ አንዱ ከዳቦ ቤት በላይ፣ አንዱ ከጋራዥ ጀርባ። በየክፍሉ አንድ ሰው ይኖራል። የኔ ድርሻ በዓመት አንዴ ሃያ ጥያቄ የሰፈረበት ፎርም ይዤ እየዞርኩ፣ እያንዳንዳቸው ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባና ከዘመድ ጋር ምን ያህል እንደተቀላቀሉ በቁጥር ማምጣት ነበር። ሙሉው ነጥብ ሰማንያ ነው። በሁለተኛው ዓመት አርባ ያልሞላለት ሰው ክፍሉን ለሌላ በሽተኛ ይለቅና ወደ ሆስፒታል ይመለሳል።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ክፍሉ ጥቂት ነው፣ ጠባቂው ብዙ ነው፤ በአንድ ነገር መለየት ነበረባቸው። እኔም ብሆን አምኜበት ነበር። ወጣት ሰው ቁጥር ሲይዝ እውነትን የጨበጠ ይመስለዋል።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ሰፈሩ «ሚሊ» እያለ ይጠራው ነበር። ሙያው መጽሐፍ ጥረዛ ነው። ወረቀት ሲቆርጥ «አንዲት ሚሊ ቀርታዋለች» ሳይል የሚውልበት ቀን ስላልነበረ፣ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሠራተኞች አንዱ ቀልደኛ ስሙን አወጣለት፤ ስሙም እግር በእግር ተከትሎት ቤቱ ድረስ ገባ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት ያጎነበሰ ሰው ነበር። ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይታይ ነበር፤ ሰው ሲያናግረው ያንን ይልጣል።

ጥረዛ የተማረው ከአባቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው ድምፅ ይሰማው ጀመር። መጀመሪያ ወረቀት ሲያጥፍ ብቻ፣ ኋላ ሁልጊዜ። አባቱ ከሞቱ በኋላ እህቱና ባሏ ሆስፒታል አስገቡት፤ እዚያ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። ሥራ አልፈታም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ሰጥተውት የበሽተኞችን ፋይል ይሰፋ ነበር። «ያን ሆስፒታል እንደኔ የሚያውቀው የለም፤ ያልሰፋሁት በሽተኛ የለም» ይለኝ ነበር እየሳቀ። ድምፆቹንም አልደበቀኝም። «ተከራዮች ናቸው። ማስወጣቱ አልሆነልኝም። ግን ጫማቸውን አውልቀው እንዲራመዱ አስለምጃቸዋለሁ።»

የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። ፊት ለፊት ማሽኖቹ ቤቱን ያናውጡታል፤ ከኋላ ግን በእንጨት በር የተከለለች አንዲት ክፍል ነበረች፣ ጸጥ ያለች፣ ከላይ በመስታወት ብርሃን የምታገኝ። መሐሏ ላይ እንደ አልጋ የሰፋ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ መርፌ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ ወረቀት የሚያጥፍባት የአጥንት ስንጥር። ጥግ ላይ ሙጫው በቀስታ ይፈላል። ሚሊ የታተመውን ወረቀት ያጥፋል፣ እጥፋቱን በአጥንቷ ይደፈጥጣል፣ ይደረድራል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይቆጥራል፣ ከዚያ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ሥራ እያለኝ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ያቺ አጥንት ወረቀት ላይ ስትሄድ የምታሰማት ሽርር የምትል ድምፅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፣ ስንት ጸጥታ ሰማሁ፣ እሷን የሚያህል እረፍት ግን አላገኘሁም።

ቤቱ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ሕንጻ ነበር፤ ስምንት ክፍል፣ ስምንት በር። የሱ ክፍል መሐለኛው ፎቅ ላይ ናት፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ለትርፍ ሥራው ሙጫ የሚያፈላባት ትንሽ ምድጃ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የብረት ማስመሪያ። ከሱ በላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ አፏ መቀስ የሆነ ሴት። የእግር ስፌት መኪናዋ በትክክል ከሚሊ አልጋ በላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ልኬት የሠራሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን። ነገሩን ሁሉ አስቀድሜ አስረድቼዋለሁ፤ አርባ ምን እንደሆነም ያውቃል።

«ባለፈው ወር ክፍልዎ ድረስ የመጣ እንግዳ አለ?»

«የለም።»

«ማንም?»

«እህቴ መጥታለች። እህት እንግዳ ናት እንዴ?»

የዘመድ ጥያቄ ለብቻው እንዳለ ነገርኩት።

«ለሷ ቦታ ካላት ደግ። ሌላ የለም።»

«እኔ ራሴ ሁለቴ መጥቻለሁ እኮ» አልኩ፣ ልረዳው ብዬ።

«አንተማ ለሥራህ ነው። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበውም ሰውዬ ይመጣል፤ እሱንም ልቁጠረው?»

«ጓደኛ የሚሉት ሰውስ?»

ከጣቱ ላይ ሙጫ ላጠ። «አንድ ነበረኝ። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ሞተ። የሞተ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

«እንግዲያው የለኝም በል።»

እንዲህ እያልን፣ እኔ ዜሮና አንድ እየጻፍኩ፣ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። ጥያቄው «ባለፈው ወር ከሰው ጋር ስንት ጊዜ ተጣሉ?» ይላል። ለእያንዳንዱ ጠብ ከድምሩ አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ሚሊ ይህንን ሲሰማ ፊቱ ወገግ አለ።

«ዘጠኝ ጊዜ!» አለኝ፤ ሽልማት እንደተጠራለት ሰው።

«ከማን ጋር?»

«ከማን ይሆናል!» በጣቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ። ወዲያው መኪናው ከላይ ድርርር አለ። «ሰማህ? ጎህ ሲቀድ ነው የምትጀምረው። ወጥቼ ልክ ልኳን ነገርኳት፤ እሷም ልክ ልኬን ነገረችኝ። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አንተ ደረቅ! አንተ ሙጫህን ባፈላህ ቁጥር ደንበኞቼ ጫማ ተቃጠለ ወይ እያሉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ› አለችኝ።» ሲነግረኝ ከት ብሎ ሳቀ።

ጠብ ነጥብ እንደሚያስቀንስ አስታወስኩት። ሳቁን አቆመ።

«ለምን?»

«ከሰው ጋር አለመስማማትን ስለሚያሳይ ይመስለኛል።»

«ሆስፒታል አሥራ አራት ዓመት ስኖር አንድ ሰው ተጣልቶኝ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ስጮህ መርፌ፣ ዝም ስል ክኒን። ‹አይዞህ፣ እሺ፣ እሺ› ነው ነገሩ ሁሉ። እዚያ ብትለካኝ ሙሉ አገኝ ነበር በለኛ!»

እንዲያው ለማለት ያህል፣ «ዘጠኝ ሙሉ ነው እንዴ? ምናልባት አንዳንዱ ቀላል ጭቅጭቅ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዘጠኝ ነው ያልኩህ። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ሰፍቼ አላውቅም።»

ሠላሳ አንድ አመጣ። የመጀመሪያ ዓመት ስለነበር ምንም አልደረሰበትም። የሚገርመው፣ የፕሮግራማችን ዓመታዊ ሪፖርት ለጥረዛ የተላከው እዚያው ማተሚያ ቤት ነበር። ሰዎቹ በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ነው የተጻፉት፤ ቢሆንም ራሱን ለይቶ አወቀ። በሌላ ቀን ሳገኘው፣ «ገጽ አሥራ አራት ላይ አየሁት፤ ልክ ነው፣ አልዋሸህም» አለኝ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ በፊትም በኋላም አልደረሰኝም።

ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ጭንቀት ያዘኝ። ሚሊ አልተለወጠም፤ ይሠራል፣ ይከራከራል፣ ይተኛል። ሠላሳ አንዱ አርባ የሚሆንበት መንገድ አልታይ አለኝ። አንድ ቀን ከክፍሉ ስወጣ ልብስ ሰፊዋን በሯ ላይ አገኘኋትና፣ ያላሰብኩትን አፌ ተናገረ።

«እትዬ፣ በሚመጣው ወር እንለካዋለን። አርባ ካልሞላ መልሰው ይወስዱታል።»

«የት?»

«ሆስፒታል።»

እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ ደረቷ ላይ ያዘች። «ምን አጠፋ?»

«አላጠፋም። ሰው አይጠይቀውም፣ እሱም ሰው አይጠይቅም። ጠቡም ያስቀንስበታል።»

«የቱ ጠብ? የኔና የሱ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉዴ!» አለች። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ከማግስቱ ጀምሮ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ነገሩን ለስምንቱም በር አዳረሰችው። ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ጋዜጣ ይዘው እየመጡ ከሚሊ ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥ ጀመሩ። ሌሎቹም ጎራ እያሉ ደህንነቱን ይጠይቁ ጀመር። የመኪናው ድምፅ ጠዋት ጠዋት ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ በየቀኑ ሻይ ይዛ ትወርዳለች፤ ሙጫው ሲፈላ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ጭራሽ «እርስዎ» ትለው ጀመር። ስምንት በር ሙሉ ሰው፣ በአንድ ልብ፣ ለአንድ ሰው ጥሩ ሆነ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ስልክ ደወለልኝ። «ሰውዬህ ሦስት ቀን ሆነው ከቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ እንኳ አያውቅም፤ አንድ ነገር አለ።»

ስደርስ በሩ አልተቆለፈም። ሚሊ ልብሱን እንደለበሰ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ማስመሪያው ከምስማሩ ወርዷል። አልጋው ሥር አንዲት ካርቶን በጥረዛ ክር አራት ዙር ታስራ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«መቼ ነው የምትወስዱኝ?»

«ማን ነው የሚወስድዎ? ገና አልለካንዎትም።»

«አትዋሸኝ። ሰው ሁሉ ጥሩ ሆነልኝ።» አሁንም ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። «በሕይወቴ ሰው እንዲህ ጥሩ የሆነልኝ ሁለት ጊዜ ነው። ያኔ ሊወስዱኝ ሳምንት ሲቀረው፣ እህቴና ባሏ። የሚጮህብኝ የለም፣ ‹ና ብላ፣ ተኛ፣ ደክሞሃል› ብቻ። ከዚያ መኪና መጣ። አሁን ደግሞ ይሄው እነዚህ። ሴትዮዋ እንኳ ሻይ አመጣችልኝ። እሷ! ሻይ!» ቀጥሎም፣ «ተከራዮቹም ጫማቸውን አጥልቀዋል» አለ።

ለእሱ ብዬ ያደረግሁት ነገር፣ ቤቱን ሆስፒታል አድርጎበታል። የሚገባውን ማጽናኛ ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ ከሱ አንጻር ማጽናኛም ያው ምልክት መሆኑ ታየኝና መልሼ ዘጋሁት።

ደረጃውን ወጥቼ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገባሁ። ቁጭ ብላ ቁልፍ በእጇ ትተክላለች፤ መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል። የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«አንተ አይደለህ ያልከኝ?»

«እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

«እኔ እኮ ስንቱን ዋጥኩ! ያ ሙጫ ሲሸተኝ እህህ እያልኩ! መኪናዬን ከፍቼ ሥራ ሳልጀምር ፀሐይ እየወጣብኝ! ደንበኛ ሁሉ ቀጠሮዬ ደረሰ እያለ ሲነዘንዘኝ!»

«ይጩሁበት» አልኳት።

«ምን?»

«ወርደው ይጩሁበት። እንደ ድሮው።»

«ነጥቡስ? ይቀንስበታል አላልከኝም?»

«ይቀንስ።»

አየችኝ። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወረደች፤ እኔ ከኋላዋ። በሩን በመዳፏ መታችው።

«አንተ! ደብተሬ የታለ?»

በሩን ደግማ መታችው።

«አንተን እኮ ነው! የደንበኞቼን ልክ የጻፍኩበትን ደብተር ልጠርዝልሽ ብለህ ከወሰድክ ወር ሊሞላው ነው! ሰው በዓይኔ እየገመትኩ ነው የምሰፋው! ትናንት አንዷን ሴትዮ እጅጌዋን በአንድ ጣት አሳጥሬ ጉድ ሆንኩልህ! የሰው ደብተር ይዞ መተኛት አለ?»

አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

«ጥፋቱ የማን ሆነና?» የሚሊ ድምፅ ነው፤ የሻከረ፣ ግን የቆመ ሰው ድምፅ። «ዘይት አፍስሰሽበት! ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ሙጫ አልይዝ ብሎኝ ነው!»

«ዘይት? የኔ መኪና ዘይት አያንጠባጥብም!»

«አያንጠባጥብም? ነይ ተመልከቺ! ነይ!»

በሩ ተከፈተ። ካልሲ ብቻ ያደረገ፣ ጸጉሩ የቆመ ሰው ካርቶኗን ወደ ብርሃን ጎትቶ፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ ከውስጧ ደብተሩን አወጣ። ሁለቱ ራሳቸውን አጋጥመው የዘይቱን ጠብታ ሲመረምሩ እኔን የሚያስታውሰኝ አልነበረም። በማግስቱ ሥራ ገባ።

ልኬቱን በወሩ መጨረሻ አደረግነው። እንግዶቹን ስጠይቀው «የለም» አለ።

«እንዴት የለም? አስተማሪው መጥተዋል፣ እሷ መጥታለች፣ ሌሎቹም። እኔ የሰማሁት ብቻ አሥራ አንድ ነው።»

«ለፎርምህ ነው የመጡት። ለኔ ሲመጡ እነግርሃለሁ።»

«ጠብስ?»

«ሰባት። ሁሉም ካለፉት ሁለት ሳምንታት።»

ካለፈው ዓመት የተሻሉ ነገሮች ነበሩ፤ ሥራው ላይ፣ ገበያው ላይ፣ እህቱ ላይ። ደመርኩት። ሠላሳ ስምንት። ደግሜ ደመርኩት። እሱ ከላይ ወደ ታች ያየኛል።

«አልሞላም?»

«ሁለት ጎደለ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አርባ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ በጣም በረጋ ድምፅ። «አሁን ከተመለስኩ ዳግመኛ አልወጣም። ይህን አንተም ታውቃለህ።»

ከዚያች ቀን እስከ ኮሚቴው ስብሰባ ድረስ ያለው ሳምንት ከባድ ነበር። ያንን ሰባት ወደ አምስት ለመለወጥ አንድ የብዕር ጭረት ይበቃል፤ ካልተቆጠሩት እንግዶች ሁለቱ ቢጻፉም ማንም አይጠይቅም። ፎርሙን አውጥቼ ስንቴ ፊቴ ዘርግቼዋለሁ። ግን ሪፖርቱን የሚጠርዘው እሱ ነው። የተሳሳተውን ቁጥር በገዛ እጁ አጥፎ፣ ደፍጥጦ፣ ሊሰፋው ነው። ያንን አልቻልኩም። ይህ ሐቀኝነት ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም። ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ልብስ ሰፊዋ ውጤቱን ስትጠይቀኝ ሳልደብቅ መንገሬ ነው። ቀኑንም ነገርኳት።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። አራት ሰዎች ነበሩ፤ መሪዋ ዋና ሐኪሟ፣ ጡረታዋ የተቃረበ፣ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ የምትይዝ፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ፎርሞቹን አንድ በአንድ አየች። የሚሊ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሠላሳ ስምንት። በጣም የተጠጋ ነው፣ ግን አልሞላም። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት ዓመት ክፍል የምትጠብቅ አንዲት ሴት እዚሁ ሆስፒታል ቀጠና ሦስት ውስጥ አለች። ስለሱ የምትጨምረው አለ?»

የማውቀውን ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ተከራዮቹ ተንተባተብኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ስናገረው ለራሴም እጅ እግር የሌለው ወሬ መሰለኝ። ሐኪሟ በትዕግሥት ሰማችኝና ብዕሯን አነሳች።

በዚህ መሐል ከበሩ ውጭ ጭቅጭቅ ተሰማ። የዘበኛው ድምፅ «እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል። «እኔስ መቼ ለጭፈራ መጣሁ?» የሚል መልስ ተከተለ፤ ልብስ ሰፊዋ ገባች። የክት ልብሷን ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ ግን የልኬት ሜትሯ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እጇ ላይ ከግድግዳ የተነቀለ፣ ጥግ ጥጉ የተቀደደ ወረቀት ይዛለች።

«አለቃው የትኛችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ» አለች ሐኪሟ።

«አልቀመጥም፤ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት። ያንን ሰውዬ ልትወስዱት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እየተነጋገርንበት ነው።»

«እንግዲያው እኔም ክስ አለኝ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይሄ የደረጃ ማጠቢያ ዝርዝር ነው። ስምንት ቤት፣ ስምንት ቅዳሜ። ይኸው እዩ፣ አራተኛው እሱ ነው። ተኝቶ የከረመ ጊዜ የሱን ቅዳሜ ማን አጠበለት? እኔ! ከነወገቤ! የሚመጣው ቅዳሜ የኔ ነው፣ ስለዚህ እሱ ነው የሚያጥብልኝ፤ ተስማምተናል። የኔን ሳይመልስ የት ነው የምትወስዱት? ወይስ እናንተ መጥታችሁ ታጥባላችሁ?»

ከአራቱ አንዱ ሊስቅ ሲል አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች።

«እዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባው መቼ ነው?»

«የገባ ሳምንት ነዋ! ቤቱ ውስጥ ኖሮ ደረጃ የማያጥብ ሰው አለ እንዴ?»

«በሽተኛ እንደነበረ ያን ጊዜ ታውቁ ነበር?»

«በደንብ።»

«አልፈሩትም?»

«ለምን እዋሻለሁ፣ ፈርቼዋለሁ። ሦስት ወር በሬን ከውስጥ በወንበር ደግፌ ነው የተኛሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወንበሩ ለሥራ አስፈለገኝ።»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ወደኔ ዞረች። «ይህ ስንተኛው ጥያቄ ላይ ነው ያለው?»

«የለም» አልኩ።

ሁለት ዓመት ያንን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ኖሬአለሁ። ወረቀቱ መግቢያው ግድግዳ ላይ እንደነበረ ኋላ ላይ አስተማሪው ነገሩኝ፤ እኔ ግን አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። እንግዳ ማን እንደመጣ ጠይቄአለሁ፣ ማን እንደሚወደው ጠይቄአለሁ። ቢጠፋ የማን ሥራ እንደሚጓደል፣ ማን ተቆጥቶ እንደሚፈልገው መጠየቅ አልመጣልኝም።

ውይይቱ ቀላል አልነበረም። አንደኛው አባል «ደንብ ደንብ ነው፤ ለአንድ ሰው ከጣስነው ለሁሉም ጣስነው» አለ፤ ልክም ነበር። ቀጠና ሦስት ያለችው ሴትም ውሸት አልነበረችም። ያን ዕለት በተወሰነው ምክንያት እሷ ሌላ ክፍል እስኪገኝላት አምስት ወር ጠብቃለች፤ ይህንን ከታሪኩ ባወጣው ታሪኩ ያምር ነበር፣ ግን ገጽ ይጎድለዋል። በመጨረሻ ሦስት ለአንድ ሆነው ሚሊ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ፣ ፎርሙም እንዲታረም ወሰኑ። ሐኪሟ ወረቀቱን ለልብስ ሰፊዋ እየመለሰች «መልሰው ይስቀሉት» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሚሊን የለካው አልነበረም። ዓመቱ ሲሞላ ክፍሏን በራሱ ስም ያዛት፤ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረባት። ማተሚያ ቤቱ ዛሬ የለም፤ አሁን መጽሐፍ በማሽን ይጣበቃል፣ ሁለቴ ሲገለጥ ይገነጠላል። ሕንጻውም ፈርሷል። ያ የብርሃን ክፍል፣ ያ ጠረጴዛ፣ ከላይ የሚሰማው ድርርርታ፣ ሁሉም ሄደዋል። እኔም ብዙ ፎርም ጻፍኩ፣ አንዳንዶቹ ከሀገር ሀገር ዞረዋል ይባላል። በእርጅናዬ ግን አእምሮዬ እነሱን ትቶ የሚመለሰው ወደዚያች ቅዳሜ ነው።

ውሳኔውን ራሴ ልነግረው ስለፈለግሁ ልብስ ሰፊዋን አፏን እንድትይዝ ለምኛት ነበር፤ እንዴት እንደቻለች አላውቅም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረስኩ። ሚሊ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በእንብርክኩ፣ ከላይ ወደ ታች እያጠበ ወደ መጨረሻው ተቃርቧል። አንዱን ደረጃ ያርሳል፣ ይፈገፍጋል፣ ያደርቃል፣ ጎንበስ ብሎ በብርሃን ያየዋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይወርዳል።

«ጋሼ!»

«እንዳትረግጥ! እርጥብ ነው።»

«አልረግጥም። ልነግርዎ የመጣሁት…»

«ቁም እዚያው።»

ቆምኩ። ጨርቁን ጨመቀ። ምን ይዤ እንደመጣሁ ያውቃል፣ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ሊሰማው አልፈለገም። አምስት ደረጃ ይቀረው ነበር። አራት ሆነ። ሦስት። መታገሥ አልቻልኩም።

«ይቆያሉ» አልኩት። «እዚሁ ነዎት። አይሄዱም።»

ቀና አላለም። ጨርቁን እንደያዘ እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፤ ሱሪው ውሃ ሲጠጣ እያየሁት። ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ትከሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። እኔ እንደታዘዝኩት ታች ቆሜአለሁ።

ከላይ በር ተከፈተ።

«ምነው ተቀመጥክ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በደረጃው መደገፊያ ላይ ጎንበስ ብላ። «ሁለተኛው ፎቅ ጥጉ ላይ አቧራ ትተሃል!»

ሚሊ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «የቱ ጥግ?»

«የቱ ጥግ ይለኛል! ከአሮጌው ሣጥን አጠገብ!»

«ያ አቧራ አይደለም፣ ቀለሙ ነው የለቀቀው! ዓይንሽን ለሐኪም አሳዪው!»

«ዓይኔን ተወው! እኔ ሳጥብልህ እንደዚህ ነው ያጠብኩት?»

ተነሳ፤ ሱሪው ከኋላው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ባልዲውን አንስቶ፣ ያደረቀውን ደረጃ ሁሉ መልሶ እየረገጠ ወደ ላይ ወጣ። ክርክራቸው ሳያልቅ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ሄድኩ።